ወደ ቀኝ የምትስበው መኪና

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

አለምብርሃን ይህን ደብተር ከታይዋን ገበያ ገዝታ መጥታ ጉልበቴ ላይ ጣለችው። «ከእኔ ጋር ስትነታረክ ከምትውል ከወረቀት ጋር ተነታረክ» አለች። ሚስቴ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ስለሆነች ሰው ማዘዝ ለምዳለች፤ ቤት ስትገባ ደግሞ የምታዘው ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

እሺ፣ እንነታረክ። እኔ ካሣ፣ ዕድሜዬን በሙሉ ከድሬ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ድሬ ተሳቢ ስነዳ የኖርኩ ሰው፣ በዚህ ሙቀት ቤት ተቀምጬ እንደ ተማሪ ደብተር እሞላለሁ። ምክንያቱ ስፖኪዮ ነው። የመኪናው ባለቤት ሊባን «ዋሪያ ካሣ፣ ከፋሲካ ወዲህ ሦስት ስፖኪዮ ጨረስክ፤ ሦስቱም የቀኝ። እስቲ ትንሽ ዕረፍ» አለኝ። ስፖኪዮ መስታወት ነው፣ ይሰበራል። ድንበሩ ጋ፣ ደወሌ ያለው ምሰሶ ያለቦታው የተተከለ ነው። የቀፊራ ገበያው ግንብ ወደ መንገዱ ገብቷል። ሦስተኛውን የሰበረው ዛፍ ነው፤ ዛፍ ደግሞ ያድጋል።

መንጃ ፈቃዴም ሊታደስ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የዓይን ምርመራ አለብኝ። ሊባን «አድሰህ ና፣ መኪናው ያንተ ነው፤ ካላደስክ ግን ሌላ ሾፌር መፈለጌ ነው» ብሎኛል። ደግ ሰው ስለሆነ ፊት ለፊቴ ነው የነገረኝ። ልጆቻችን ራሳቸውን ችለዋል፣ የምንበላው አናጣም። ግን መኪናው ከተወሰደብኝ ጠዋት ተነስቼ ወዴት ነው የምሄደው?

እስከዚያ ሥራ እንዳልፈታ ብሎ አንድ መኪና ሰጠኝ። «አስተካክልልኝ» አለ። ቁመቷ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ ነው።

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

መጫወቻ ልላት ነበር፤ ገልብጬ ከሥር ሳያት ግን አፈርኩ። ከፊትም ከኋላም ዲፈረንሻል አላት። ሻንሲ አላት፣ ሞላ አላት፣ በአራቱም ጎማ ትገፋለች። መሪው ጋ አውራ ጣት የሚያህል ፕላስቲክ ሰውዬ ተቀምጧል። የረዳቱ ወንበር ባዶ ነው።

ሊባንና ጓደኞቹ አርብ አርብ ከሶላት በኋላ ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ይሰበሰባሉ። የተከበሩ ነጋዴዎች ናቸው፤ አንዱ ሲሚንቶ፣ አንዱ ሩዝ፣ አንዱ ቆርቆሮ ያከፋፍላል። እንዲህ ዓይነት መኪኖች ከዱባይ አስመጥተው በሪሞት ድንጋይ ለድንጋይ ያስኬዳሉ። እሽቅድምድም አይደለም፤ ሳይገለበጡ መውጣት ነው ቁም ነገሩ። ጎርፍ ያመጣው አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ «በሬው» ይሉታል። እስካሁን የወጣው የለም። የሊባን መኪና ደግሞ ሥሩ እንኳ አትደርስም ይባላል።

የአለምብርሃንን የስፌት መኪና ካቻቪቴ ሰረቅኩ።

ግንቦት 15፣ አርብ

ከበር ውጭ ሞከርኳት። ወደ ቀኝ ትስባለች!

መጀመሪያ የበሩን መቃን ገጨች። ቀጥላ ባልዲ። ቀጥላ የጎረቤታችንን የሁዶን የወተት ዕቃ። ሁዶ ከበራችን በስተቀኝ ተቀምጣ ወተት ስትሸጥ ዘመን አልፏል። ወተቱ ተደፋ።

«ዋሪያ፣ አላየኸኝም?» አለች።

«መኪናዋ ናት» አልኳት።

መኪናዋን አየቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ዕቃዋንም በርጩማዋንም አንስታ ከበሩ ወደ ግራ ዞራ ተቀመጠች። ሰው ሲከፋው እንደዚህ ነው።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ታይዋን፣ ሱፍያን ዘንድ ወሰድኳት። ሱፍያን ሞባይልና ቴሌቪዥን ይጠግናል፤ በድሬ ከእሱ በላይ ትዕግሥት ያለው ሰው አላውቅም። ፈታት። መሪውን የምታዞረውን ትንሽ ሞተር አየ፣ ሽቦዎቹን ለካ፣ ጎማዎቹን አሽከረከረ። «አቦ ምንም የላትም» አለና ሱቁ ፊት ለፊት ነዳት። በሰዉ እግር መሀል፣ በጫማ ነጋዴው ሸራ ጠርዝ ቀጥ ብላ ሄዳ ቀጥ ብላ ተመለሰች።

ሪሞቱን ተቀበልኩት። ወዲያው የጫማው ክምር ውስጥ ገባች።

«አየህ?» አልኩት።

«አየሁ» አለ ሱፍያን። የሚያየው ግን መኪናዋን አልነበረም፤ ለምን እንዳፈጠጠብኝ እንጃ። መኪናዋ ሰው ፊት ጨዋ ትመስላለች ማለት ነው። እንዲህ ያለች መኪና ከዚህ በፊትም ነድቻለሁ፤ ጋራዥ ስትገባ ድምፅዋ የሚጠፋ፣ ስትወጣ የሚመለስ።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ሪሞቷ ላይ መሪ የምታቀና ትንሽ ቁልፍ አለች። ወደ ግራ አጠበቅኳት። ትንሽ ጨመርኩ። አሁንም ትንሽ። አሁን ምንም አትገጭም።

አለምብርሃን ሞከረቻት፤ መኪናዋ ግቢው መሀል በክብ ዞረች፣ ዞረች፣ ዞረች። ሪሞቱን መለሰችልኝ። ቁልፏን ወደ ቦታዋ መለስኳት።

ሻዬን በግራዬ በኩል ማስቀመጥ ጀምራለች። ለምን ስላት «እዚያ አትደፋውም» አለችኝ። ከመቼ ወዲህ ነው የሻይ ሕግ የወጣው?

ግንቦት 24፣ እሑድ

በምሳ ሰዓት ነው የምጽፈው። ድሬ ተኝታለች፣ ቆርቆሮው ይንጣጣል። ሥራ ላይ ነኝ፤ እውነቴን ነው፣ ከታኅሣሥ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መጀመሪያ ክብደት። ድንጋይ ስትወጣ አፍንጫዋ ይነሳል፤ ፊቷ ከባድ መሆን አለበት። ጎሚስታ ሄጄ ጎማ ባላንስ የሚያደርጉባትን እርሳስ ለመንኩ፤ ቀጥቅጬ የፊት አክስሏ ላይ አሰርኩ። ቀጥሎ ጎማ። ጎማዋ አየር የለውም፤ ውስጡ ስፖንጅ ነው። ስፖንጁን ቀነስኩት፤ ጎማው እንዲጨማደድና ድንጋዩን እንዲይዝ ነው። ጥርሱን በጋለ ቢላዋ ቆረጥኩ። ቤቱ ጎማ ጎማ ሸተተ፤ አለምብርሃን መስኮት ከፍታ «ጅቡቲ መንገድን ቤት ድረስ አመጣኸው» አለች።

ከዚያ ሾክ አብዞርበሮቹ። ውስጣቸው ያለው ዘይት ቀጭን ስለሆነ ወደላይ ወደታች ትላለች። ልዩ ዘይት አለው ይላሉ፤ ሱፍያን የለውም፤ እኔ የሰሊጥ ዘይት ሞላሁ። በጣም ጥሩ ሆነ። ጠዋት ስነሳ ግን መኪናዋ አልነበረችም፤ ጥቁር ነገር ነበረች። ጉንዳን ነው። ከየት እንደሰሙ እንጃ፤ ሰልፋቸው ከበሩ እስከ ዲፈረንሻሉ ይደርሳል። ድመቷም መጥታ የኋላ ሞላውን ስትልስ አገኘኋት። የስፌት መኪና ዘይት ቀየርኩ። ጉንዳኖቹ ግን እስካሁን እየመጡ ያዩዋታል።

ወደ ቀኝ መሳቧን አልተወችም። እሱን ብቻ ነው ያላገኘሁት።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ዐብዲሰላም መጣ። ረዳቴ ነው። ጎረምሳ ሆኖ ነው ትልቁ መኪና ላይ የወጣው፣ አሁን የልጆች አባት ነው። እኔ ግራ፣ እሱ ቀኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ተቀምጠናል። «ቀኝ እንዴት ነው?» እላለሁ። «ነፃ» ካለ እሄዳለሁ፣ «አቁም» ካለ አቆማለሁ። ወደ ኋላ ስሄድ ይወርድና «ና፣ ና፣ ቀኝ ስበር፣ አቅና፣ በቃ» ይላል። የቀኝ ስፖኪዮ የሚያይ ሾፌር ረዳቱን የማያምን ሾፌር ነው። ድሮ አልፎ አልፎ አየው ነበር፤ አሁን ጭራሽ ትቼዋለሁ። ሦስቱም የተሰበሩት ዐብዲሰላም ሊሰግድ ወይም ውኃ ሊገዛ በወረደበት ሰዓት ነው። ይህንኑ ለሊባን ነግሬው ነበር፤ የሚጠቅመኝ መስሎኝ።

ዐብዲሰላም መኪናዋን አይቶ «ጋሼ፣ የምትዘለው ባዶ ስለሆነች ነው» አለ። ልክ ነው። ባዶ ተሳቢ ኮረኮንች ላይ እንዴት እንደሚዘል እኛ እናውቃለን። ጫንናት። መጀመሪያ ሽንኩርት። አነሰ። የእጅ ባትሪ ድንጋዮች ጨመርን። አነሰ። የብሎኬት ስባሪ ደረብንበት። ሞላዋ ተኛ፤ ስለዚህ ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ቆርጠን ባሌስትራ ሠራንላት። ሸራ አለበስናት፣ በሲባጎ ጠፈርናት። እውነትም ጅቡቲ የምትሄድ መሰለች፤ እኔም እሱም ትንሽ ቆመን አየናት።

የግቢውን ደረጃ ጀመረች፣ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አነሳች፣ በኋላ ጎማዋ ቆመች፣ በጀርባዋ ተዘረረች። ሽንኩርቱ ተበተነ።

«ጭነቱን ወደፊት እናምጣው» አለ ዐብዲሰላም።

«ባሌስትራ እንጨምር» አልኩ እኔ።

አለምብርሃን ከመስኮቱ «ለምን አትቀንሱትም?» ብላ ጠየቀች። ተያየን። ጭነት የሚቀንስ የት አይታለች?

ሰኔ 6፣ አርብ

ደቻቱ። ተዋረድኩ። በአጭሩ ልጻፈው።

በሬው ሥር ደረሰች፤ ይህም ተጨበጨበለት። ጭነቱን አውርደን ነበር፤ እርሳሱ ሠራ፣ ጎማው ያዘ። ወገቡ ላይ ስትደርስ ወደ ቀኝ ሄዳ ወደቀች። ደገምኩ፤ በቀኝ ወደቀች። እንደገና፤ በቀኝ። የሲሚንቶው ነጋዴ ሪሞቱን ተቀብሎኝ ከወደቀችበት አልፎ ሄደ፤ እሱ መኪና ነድቶ አያውቅም፣ በሹፌር ነው የሚሄደው!

ሊባን ትከሻዬን ይዞ ወደ ዳር ወሰደኝ። «ዋሪያ ካሣ፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ደህና ነህ?»

«መኪናህ ናት ደህና ያልሆነችው።»

«ሀዬ» አለና አሰበ። «እንግዲህ እንደዚህ ይሁን። በዚህ ወር በሬውን ካወጣኻት እኔ አምንሃለሁ። ፈቃድህን አድስ፣ በማግስቱ ጅቡቲ ትሄዳለህ።» እየቀለደ አልነበረም። ትልቁ መኪና በዚች ትንሽ ተይዟል ማለት ነው።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ጎማ አዙሬ ገጠምኩ። የቀኙን ወደ ግራ፣ የግራውን ወደ ቀኝ። ያው ናት።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

መሪውን በሙሉ ፈታሁ። የተረፈ ቡሎን አለ። ከየት እንደወጣ አላውቅም። ኪሴ ውስጥ ነው።

ሰኔ 13፣ አርብ

አገኘሁት! በሽታዋን አገኘሁት!

ዛሬ ደቻቱ ላይ ከበሬው ጋር ስታገል ዐብዲሰላም አላስቻለውም። ወደ አሸዋው ዘሎ ገባ፣ አጎንብሶ ከመኪናዋ ጎን ጎን መሄድ ጀመረ፣ በትልቁ መኪና ድምፁ «ና! ና! ቀኝ ቆይ! ግራ ስበር! ትንሽ! አቅና! ና!» ይላል። እጄ ራሱ ሰማው። ሳላስብ ነዳሁ። አልሳበችም። ባለፈው አርብ በቀኝ የወደቀችበትን ቦታ እንደ አስፋልት አለፈችው፤ ባትሪዋ ባያልቅ ኖሮ ጫፍ ትደርስ ነበር።

ምን እንደሆነ ገባኝ። ረዳት የሌላት መኪና ናት። ይኼው ነው። የረዳት ወንበሯ ባዶ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን አይቼ ነበር። ቤት እንደገባሁ ከእንጨት አንድ ሰውዬ ጠርቤ ቀኝ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ፣ ሽርጥ ከአሮጌ መሀረብ አለበስኩት።

አለምብርሃንን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። አልሳቀችም። «ዐብዲሰላም ሲናገር ወደ ቀኝ መሳቧን ትታለች?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የፋብሪካ ሥራ ያደክማል።

ሰኔ 20፣ አርብ

በሬውን ወጣች! ግን ከመጀመሪያው ልጀምር።

ስንደርስ የቆርቆሮው ነጋዴ ተቃወመ። ረዳት ደንቡ ውስጥ የለም አለ። ሊባን «ደንቡ የት ነው የተጻፈው?» አለ። ክርክሩ ጫቱ እስኪጋመስ ቆየ። ረዳት የመኪናው አካል ነው ወይስ የሾፌሩ? ረዳቱ መኪናዋን ቢቀድም ይቆጠራል? ሲጮህ መንካት ይችላል? በመጨረሻ «ረዳት ይፈቀዳል፣ መኪና መንካት ግን ክልክል ነው» ተብሎ ተስማሙ። ያ ሲሆን ሁሉም ረዳት ፈለገ። የሩዙ ነጋዴ የመጋዘን ዘበኛውን ጠራ፣ የቆርቆሮው የእህቱን ባል። ወዲያው ደቻቱ አሸዋ ላይ ትልልቅ ሰዎች ሽርጣቸውን ሰብስበው አጎንብሰው ከመጫወቻ መኪና ጎን እየሮጡ «ና! ስበር! አቅና!» ይጮኹ ጀመር። ከድልድዩ ሰው ተንጠልጥሎ ያያል። ከአሸዋው ዳር ለመዞር ሲታገል የነበረ ባጃጅ የዐብዲሰላምን «ና፣ ና» ሰምቶ ለእሱ መስሎት ወደ ኋላ መጥቶ አሸዋ ውስጥ ተቀበረ። ተሳፋሪዋ ሴትዮ ወርዳ ሁላችንንም ረገመችን። ገፍተን አወጣነው፤ ሹፌሩም ቆይቶ ለቆርቆሮው ነጋዴ ሁለተኛ ረዳት ሆነ።

የእኛ ተራ ደረሰ። ዐብዲሰላም በሆዱ ተኛ። «ና። ቀኝ ቆይ። ቆይ ጋሼ። ግራ ትንሽ። በለው!» መኪናዋ በሦስት ጎማ ቆመች፣ አንዱ አየር ላይ ፈለገ፣ ፈለገ፣ ያዘ። ጫፍ ላይ ወጣች። ሰዉ ጮኸ። ሊባን አቀፈኝ፤ «ሾፌር! ሾፌር!» ይላል። እኔም አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ዐብዲሰላም ብቻ ደስ አላለውም። አሸዋውን እያራገፈ «ጋሼ፣ ድንጋዩን ስትወጣ ከቀኝ በኩል ዘበኛው እጁን ሲያወዛውዝ አየኸው?» አለኝ።

«የቱ ዘበኛ?»

«እሺ» አለ።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

አሁን የቀረው ምርመራው ነው። የምርመራውን ነገር አጣርቻለሁ። ግድግዳው ላይ ሹካ የሚመስሉ ምልክቶች አሉ፤ ጥርሳቸው ወዴት እንደዞረ መናገር ነው። ላይ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ግራ። ዐብዲሰላም ዕድሜውን በሙሉ ሲል የኖረው ይህንኑ አይደል? አብሮኝ ይገባል፣ ሰሌዳው አጠገብ ግድግዳ ይደገፋል፣ በጣቱ ያሳየኛል። ድምፅ የለም። ማጭበርበር አልለውም። ዓይኔ ደህና ነው፤ ሲደክመኝ ብቻ በቀኝ በኩል ትንሽ ጭጋግ አለ። ሙቀት ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሠራንበትን አሠራር ለአንድ ጠዋት ክሊኒክ ማስገባት ነው።

ዐብዲሰላም ስነግረው መሬት መሬት እያየ «አንተ ካልክ ጋሼ» አለ። ሳሎን ውስጥ ተለማመድን። አንድም አልሳትኩም።

አለምብርሃን በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መቼ እንደገባች አላየሁም። «ካሣ፣ ደወሌ መንገድ ላይ በእግር የሚሄዱት ሰዎችስ ረዳት አላቸው?» አለችኝ።

ተናደድኩ። ያልሆነ ነገር ተናገርኳት።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

ከሰዓት መኪናዋን ለብቻዬ ግቢ ውስጥ ነዳኋት፤ ባትሪው ደህና መሆኑን ለማየት ብቻ። የሁዶ የልጅ ልጅ እግር ላይ ወጣች። ልጅቷ ሳቀች፤ «ድገመው!» አለች። ምንም አልሆነችም፣ ጎማው ስፖንጅ ነው።

ድንገት ነው የመጣችው። ልጅ ድንገት ይመጣል።

ሁዶን ጠየቅኳት። ልጅቷ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው በቀኜ በኩል ተቀምጣ በጠጠር ስትጫወት ነበር አለች።

መኪናዋ ሁለት ኪሎ አትሞላም። ትልቁ ከነጭነቱ ስንት እንደሆነ አውቃለሁ። እራት አልበላሁም። ሙቀቱ ነው።

ሰኔ 29፣ እሑድ

ምልክቶቹን ተለማመድን። አንድም አልሳትኩም። አንድም።

ፈርቻለሁ።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ሆነ። እጽፈዋለሁ፤ ካልጻፍኩት ሌላ ታሪክ አደርገዋለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ።

ክሊኒኩ ከዚራ ሰፈር ነው፣ ትልልቆቹ ዛፎች ሥር። ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ሴት ናት፣ ትሕትና አላት። ዐብዲሰላምን «አንተ ማነህ?» ስትለው «አስታማሚ» አላት። እኔ ግን ሰውነቴ ጤነኛ መስሎ እንዲታይ በሩን ገፍቼ በፍጥነት ነበር የገባሁት፤ ምን እንደምንል ቀድመን አልተስማማንም። ዐብዲሰላም ሰሌዳው አጠገብ ቆመ።

«ቀኝ ዓይንዎን ይሸፍኑ» አለች። ሸፈንኩ። በግራ ሁሉንም አነበብኩ፣ እስከ መጨረሻው መስመር፣ ረዳት ሳያስፈልገኝ። ሐኪሟ «በጣም ጥሩ» አለች። ልቤ ሞላ። ጅቡቲ ገብቼ ስመለስ ታየኝ።

«አሁን ግራውን ይሸፍኑ።»

ሸፈንኩ። ክፍሉ ጠፋ። ከመስኮቱ በኩል የሚመስል ትንሽ ብርሃን ብቻ ቀረ። ሰሌዳ የለም፣ ግድግዳ የለም፣ ዐብዲሰላምም የለም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ የዐብዲሰላምን ጣት የማይበትን ዓይን ነው የሸፈንኩት። ሳሎን ስንለማመድ ሁለቱንም ከፍቼ ነበር! ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይህን ያህል ቀን ስንለማመድ አንዳችንም አላሰብነው። ዐብዲሰላም እዚያ ቆሞ ጣቱን እያወዛወዘ ይሆናል፤ ለማን?

«ይሄስ ወዴት ነው?» አለች ሐኪሟ።

ገደል ላይ እየነዳሁ መብራት የጠፋብኝ ያህል ነበር። አፌ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ሲል የኖረውን አለ።

«ቀኝ እንዴት ነው?»

ሐኪሟ «ማንን ነው የሚጠይቁት?» አለች። ዐብዲሰላም ሲተነፍስ እሰማዋለሁ። «ላይ» ሊለኝ ይችል ነበር፤ ይህን ያህል ነበር የሚፈለገው፣ አንድ ቃል።

«አቁም ጋሼ» አለ። «ወላሂ ቀኝ አይሄድም። አቁም።»

እጄን ከዓይኔ ላይ አወረድኩ። ይህ ልጅ አቁም ብሎኝ ሳላቆም ቀርቼ አላውቅም።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

የዓይን ግፊት ነው። ቀኙ ሄዷል፣ አይመለስም። ግራውን በጠብታ ማዳን ይቻላል፣ ሳላቋርጥ ከጨመርኩ። ፈቃዱ አይታደስም።

አለምብርሃን ከገና ጀምሮ ታውቅ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ስነግርህ ምሰሶው ነው ትለኝ ነበር» አለች። ከዚያ ጠብታውን ራሷ ጨመረችልኝ። እጇ ፊቴ ላይ ቆየ። ለተናገርኩሽ ነገር ይቅር በይኝ አልኳት፤ እሷም ረስቼዋለሁ አለች፤ አልረሳችውም፣ ግን ይቅር ብላኛለች።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ዐብዲሰላም ሳምንቱን በሙሉ ጠፍቶ ዛሬ መጣ። ሊባን ሌላ ሾፌር ሲፈልግ ነበር አሉ። ዐብዲሰላም በሩ ላይ ቆሞ ከሸሚዙ ኪስ አንድ ነገር አወጣ። መንጃ ፈቃድ ነው። ፎቶው የእሱ ነው። ለከባድ መኪና ነው። ካወጣው ሁለት ዓመት አልፎታል።

«ሁለት ዓመት?» አልኩት።

«አንተ እያለህ ምን ያደርግልኛል?»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ይህን ሰው ወደድኩት፤ ሁልጊዜም እወደው ነበር፣ ግን ተናግሬው አላውቅም። አሁንም አልተናገርኩም። «ፍሬን አታብዛ፣ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አስይዝ» አልኩት። ገባው መሰለኝ።

«ሊባን ተስማምቷል» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። የመጀመሪያውን ጉዞ ጋሼ ካልመጣ አልነዳም አልኩት።»

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

የምጽፈው መኪናው ውስጥ ነው፤ ደወሌ ደርሰን ቆመናል።

ጠዋት በቀኝ በር ተሳፈርኩ። የዚህ መኪና የቀኝ በር እጀታ የት እንዳለ አላውቅም ነበር። ወንበሩ ላይ ዐብዲሰላም የተቀመጠበት ጉድጓድ አለ፤ ለእኔ ይጠባል። ዐብዲሰላም መሪውን ይዞ ወደ እኔ አላየም፤ እሱም ፈርቷል።

ከከተማ ስንወጣ የሚታየኝ ሁሉ በግራ በኩል ያለው ነው። «ግራ ነፃ!» አልኩት። «ግራውን እኔም አየዋለሁ ጋሼ» አለኝ። ልክ ነው። ረዳት መሆን እንዴት ከባድ ነው።

የደረቀው ወንዝ መሻገሪያ ጋ ስንደርስ ቀዝቀዝ አደረገና «ቀኝ እንዴት ነው?» አለ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው በሕይወቴ የለም። ኩራት ተሰማኝ። ወደፊት እያየሁ «ነፃ!» አልኩ፣ በሙሉ ድምፄ።

መኪናው ቆመ። አስፋልቱ መሀል፣ ከነጭነቱ። ከኋላችን ያለው ጡሩምባውን ነፋ። ዐብዲሰላም እጁን መሪው ላይ አድርጎ ይጠብቃል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«አንገትህን» አለኝ።

አንገቴን በሙሉ ወደ ቀኝ አዞርኩ፣ ትከሻዬ እስኪታየኝ። ግመሎች ነበሩ፤ መንጋ ሙሉ፣ ጠባቂያቸው ከፊት፣ ቀድሞ መንገዱ ውስጥ ገብቷል።

«አቁም» አልኩ።

«ቆሜአለሁ» አለ ዐብዲሰላም። እስኪያልፉ ጠበቅን።